ያገለገለ አውቶሞቢል ለሚገዛ ነጋዴ የሚያስፈልግ ምርመራ

ለነጋዴ አውቶሞቢል የጌጥ ዕቃ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። ከአራዳ ወደ መርካቶ ዕቃ የሚያመላልስ ባለሱቅም ሆነ ከጉምሩክ መጋዘን ጭነት የሚያነሣ አስመጪ፣ መኪናው በቆመ ቀን ንግዱም አብሮ ይቆምበታል። ስለዚህ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ ከንግድ ካፒታል ላይ የተነሣ መሆኑን ገዢው ሊዘነጋ አይገባውም። በተለይም በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ፣ የነዳጅ መኪና ፈላጊ ሁሉ ዓይኑን የጣለው በአገር ውስጥ በሚገኙት ላይ ስለሆነ፣ ሳይመረምሩ መግዛት ከቀድሞው ይልቅ ኪሣራ ያመጣል። ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ነገሮች በቅደም ተከተል ቢመረመሩ ገዢው ከብዙ ጸጸት ይድናል።

፩ኛ፤ ዕድሜው። የመኪና ሞዴል የሚቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ2018 ዓ.ም. ገበያ የወጣ ሰው «የ2008 ሞዴል» ሲባል ሰምቶ ዐሥር ዓመት ያገለገለ ቢመስለው ይሳሳታል፤ መኪናው የተሠራው በእኛ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ ዕድሜው ወደ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይጠጋል። የኪሎ ሜትር መቍጠሪያውንም ብቻ ማመን አይገባም፤ ወደ ኋላ ሊመለስ የሚችል ነውና። ቍጥሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ጎማ ካለቀ፣ መሪውም በእጅ ብዛት ከለሰለሰ፣ ቍጥሩ እውነት አለመሆኑን ያስረዳል። የመኪናውም ጎማ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት በጎኑ ላይ በአራት አኃዝ ተጽፎ ይገኛል፤ 2319 የሚል ቢሆን በአውሮፓ 2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው።

፪ኛ፤ ሰነዱ። በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲና የሞተር ቍጥሮች ከመኪናው ላይ ከተመቱት ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለባቸው። ቍጥሩ የተፋቀ፣ ወይም በዙሪያው ብየዳ ያለበት ከሆነ ገዢው ወደ ዋጋ ንግግር ሳይገባ መተው ይሻለዋል። ሻጩ ባለቤቱ ራሱ ካልሆነ፣ በውክልናው ውስጥ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ መሰጠቱን ማንበብ ያስፈልጋል። ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ስምምነት ይጠየቃል። መኪናው በባንክ ብድር ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ የታገደ እንዳይሆን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል፤ የዓመቱ ቦሎ መኖርም ይታያል።

፫ኛ፤ አካሉ። መኪና የሚታየው በቀን ብርሃን፣ ከዝናብና ከእጥበት ደርቆ ሳለ ነው፤ ውኃ የቀለምን ጉድለት ይሸፍናልና። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በቆርቆሮው ላይ ሲዳሰስ በአንድ ስፍራ ሳይዝ ከቀረ፣ ከቀለሙ ሥር ስቶኮ ተሞልቶ ሊሆን ይችላል። የበሮቹና የኮፈኑ ክፍተት በሁለቱም ጎን እኩል መሆን አለበት። ምንጣፉ ተነሥቶ ዝገት፣ ከሥርም ተገብቶ የሻንሲ ብየዳ ይፈለጋል። ለግራ መንገድ የተሠሩ አንዳንድ የጃፓን መኪኖች መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጡ ናቸው። በእነዚህ ላይ የመሪው ዘንግና የፍሬኑ መሥመር በባለሙያ ሳይመረመር መግዛት ሕይወትን ጭምር ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

፬ኛ፤ ሞተሩ። ገዢው በጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ መድረስ አለበት። ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ሞቆ ከተገኘ፣ ሻጩ የመነሣት ችግሩን ለመሸሸግ አስቀድሞ አሙቆት ሊሆን ይችላል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸቱን ያመለክታል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ ቢወጣ ዘይት፣ ጥቍር ቢወጣ ከመጠን ያለፈ ነዳጅ እየተቃጠለ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጢስ ሳያቋርጥ ቢወጣ የራዲያተር ውኃ ወደ ውስጥ እየገባ መሆኑ ይገመታል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ከሆነ ግን የዋጋው ትልቁ ክፍል ባትሪው ስለሆነ፣ የቀረው ጕልበት በመሣሪያ መለካትና በሙሉ ኃይል የሚሄደው ርቀት መታወቅ አለበት።

፭ኛ፤ ጉዞው። መኪናን በሜዳ ብቻ ነድቶ መፍረድ አይቻልም። ከፒያሳ ወደ ራስ መኰንን ድልድይ ወርዶ ወደ አራት ኪሎ የሚያወጣው መንገድ ለዚህ የታደለ መፈተኛ ነው። ቍልቍለቱ ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን መሳብ የለበትም። ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ማርሹም በራሱ ከወጣ ካምቢዮው ተጎድቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩም ስስ ስለሆነ፣ ማናቸውም የነዳጅ ሞተር በቆላ ካለው ጕልበት ጥቂት እንደሚቀንስ ማሰብ ይገባል፤ በተመሳሳይ መኪና አስተያይቶ መፍረድ ይበልጣል።

፮ኛ፤ ሕጉና ክፍያው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ስለተሰወረ ጉድለት ኀላፊ እንዲሆን ያዛል። ይሁን እንጂ ገዢው እያወቀ ለገዛው፣ ወይም ማንም ሰው ሊያየው ለሚችል ግልጽ ጉድለት ሻጩ አይጠየቅም። ገዢውም ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ማስታወቅ፣ ካስታወቀበትም ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ አለበት። እንግዲህ መርምሮ መግዛት ብልኅነት ብቻ ሳይሆን የመብት መጠበቂያም ነው። ስለ ቀብድም በዚሁ ሕግ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ ግን እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ደላላው «ሌላ ገዢ መጥቷል» ብሎ ቢያስቸኩልም፣ መካኒክ ሳያየውና ፋይሉ ሳይጣራ ቀብድ መስጠት አይገባም።

ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ሊፈረም፣ ስሙም ወዲያው ሊዛወር ይገባል። ይህ ለሻጩም ይጠቅማል፤ ባለመኪና መኪናው በሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም በሕግ ኀላፊ ስለሆነ፣ ስሙ በሊብሬው ላይ የቀረ ሻጭ ባልነዳው መኪና ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፣ ለግማሽ ቀን ምርመራና ለመካኒክ የሚከፈለውን ጥቂት ብር የቆጠበ ገዢ፣ ኋላ የሞተር እድሳት ዋጋ ከሱቁ ካፒታል ላይ ሲያነሣ ይታያል። መርምሮ የገዛ ግን የከፈለውን ዋጋ ምክንያት ስለሚያውቅ፣ በመሸጫውም ቀን ሰነዱን ዘርግቶ በልበ ሙሉነት ይነግዳል።