የሆስፒታል ሂሳብ ከመምጣቱ በፊት፦ የጤና መድን ምን ይጠይቃል?

አሜሪካ ያለ ዘመድዎ ውፍረት ለመቀነስ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና ላሳንስ ነው ብሎ ቢደውልልዎ፣ ሐኪሙ ማን እንደሆነ ከመጠየቅዎ በፊት ኢንሹራንሱ መፍቀዱን ይጠይቁት። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የባለሙያዎች ምክር ለብዙ ዓመታት የከፋዮች መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ክብደት በኪሎ ተይዞ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ይካፈላል። ውጤቱ 40 ከደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ እንደ ስኳር ያለ ሕመም ከታከለበት፣ ጉዳዩ ይታያል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 116 ኪሎ ሲሞላ 40 ላይ ይደርሳል ማለት ነው። በ2022 የሙያ ማኅበራቱ ልኩ ወደ 35 እና 30 ዝቅ እንዲል መክረዋል። ይሁን እንጂ ከፋይ ምንጊዜም ከሐኪም ኋላ ነው የሚራመደው። በሐኪም ክትትል ለወራት ምግብ ስለመቆጣጠሩ ማስረጃ፣ የሥነ ልቦና ምርመራና ቅድመ ፈቃድ የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ሊያውቁ የሚፈልጉት ለመልክ ነው ወይስ ለሕመም የሚለውን ነው።

ይህ ለፎገራ ገበሬ ምኑ ነው? እንዳይሉ። ፎገራ ለመድን እንግዳ አይደለችም። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር፣ ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ፎገራ ነበሩ። እዚህም እንደዚያው ለጌጥ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና ከሽፋን ውጪ ተደርገዋል።

አባል የሚሆነው ቤተሰቡ እንጂ ግለሰቡ አይደለም። አንዳንዱ አባወራ ይህን እንደ ጫና ያየዋል፤ የታመመችውን እናቴን ብቻ መዝግቡልኝ ይላል። ነገር ግን የታመመ ብቻ ቢመዘገብ ገቢው ወጪውን አይችልም፤ የወረዳው ቋት በዓመቱ ይደርቃል። የጤነኛው መዋጮ ነው የታማሚዋን አልጋ የሚከፍለው።

ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን በሪፈር ወረቀት ነው። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ከአቅሜ በላይ ነው ብሎ ሲጽፍ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል። በሙከራው ዘመን ደንብ ይህን ዘልሎ የሄደ አባል እስከ ግማሽ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ተደንግጎ ነበር። እንበል ከወረታ በቀጥታ ባሕር ዳር የሄደ ታማሚ 6,000 ብር ቢጠየቅ፣ አንዲት ወረቀት ባለመያዙ እስከ 3,000 ብር ከኪሱ ይወጣል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ በሬ መሸጥ ነው። ስለዚህ ከመሳፈርዎ በፊት የሪፈሩን ማኅተም ይዩ፤ አሁን የሚሠራበትን ደንብም ከወረዳው የመድን ክፍል ይጠይቁ። መድኃኒት የለም ተብለው ከውጭ ከገዙ ማዘዣውንና ደረሰኙን አይጣሉ፤ ይመለስልኝ ለማለት ያለ እነሱ አፍ መክፈት አይቻልም።

ደብተሩም በየዓመቱ ይታደሳል። ያልታደሰ ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ መቆም ከሌለው ሰው ጋር እኩል ያደርጋል። መዋጮው የሚሰበሰበው ምርት ከገባ በኋላ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዙ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ ሽያጩ ለማዳበሪያ ዕዳና ለሠርግ ሳይበተን የመድኑን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ የሚቻለው ያን ጊዜ ነው።