በወረርሽኝ ወቅት የነፍሰ ጡር እናትና የባለቤቷ የዕረፍት ጉዞ

የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ባልና ሚስት ከወሊድ በፊት ጥቂት ቀናት አብረው ማረፍ መፈለጋቸው ተገቢ ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ እንቅልፍም ጊዜም ይጠብባል። የወረርሽኙ ወራትም በእርግዝናው ላይ ሌላ ጭንቀት ደርበዋል። ኮቪድ-19 በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገለጸና በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ሳይወጣ ከርሟል። ዐዋጁ ካበቃ በኋላ መንገዱ ተከፍቷል፤ ጥያቄውም አብሮ ተመልሷል። ነፍሰ ጡር ሴት ለዕረፍት ብትጓዝ ምን አለበት? ወዴትስ ብትሄድ ይሻላል?

ትምህርቱን ለማቅለል በደሴ አጠገብ በገራዶ የሚኖሩ ባልና ሚስትን በምሳሌነት እንውሰድ። ሚስት የ6 ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የእርግዝና ክትትሏን አላቋረጠችም፤ ደም ግፊትም ሆነ ሌላ ችግር አልታየባትም። ባል የአንድ ሳምንት ፈቃድ አለው። ሞቃት ባሕር ያለበት ደሴት ሄደው ማረፍ አስበዋል፤ ገንዘቡንም አጠራቅመዋል። ሐሳባቸው የሚመዘነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በእርግዝናው ዕድሜ፣ በማዋለጃ ሆስፒታሉ ርቀት፣ በመንገድና በማረፊያ በሚያጋጥማቸው የሰው ብዛት።

የእርግዝናው ዕድሜ

ለጉዞ የሚመረጠው ጊዜ ከ14ኛው እስከ 27ኛው ሳምንት ያለው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ማቅለሽለሽና ድካም ይበረታል፤ ውርጃም በብዛት የሚያጋጥመው በእነዚሁ ወራት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ምጥ ሳይታሰብ ሊመጣ ይችላል። የገራዶዋ እናት በ26ኛው ሳምንት ላይ ናት እንበል፤ ጊዜው ምቹ ነው፣ ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ይህ ጥቂት ቀን ኋላ ላይ እንደሚታየው ትልቅ ቁም ነገር ይሆናል።

ነፍሰ ጡር ሴት በኮቪድ-19 ከሌላው ሰው ይልቅ በቀላሉ ትያዛለች ማለት አይደለም። ከተያዘች ግን በእሷ ዕድሜ ካለች ነፍሰ ጡር ካልሆነች ሴት ይልቅ በሽታው የመጽናቱና ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል የመግባቷ ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ልጁም ያለ ጊዜው ሊወለድ ይችላል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ማሕፀን እያደገ ሲሄድ ድያፍራምን ወደ ላይ ይገፋል፤ ሳንባ እንደ ልቡ የሚሰፋበት ቦታ ይጠብበዋል። በዚሁ ጊዜ እናቲቱ ለራሷም ለጽንሱም የሚበቃ ኦክስጅን ትፈልጋለች። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ሳንባዋ ይቋቋመው የነበረውን ሕመም አሁን ላይቋቋመው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ በሽታም ትንፋሽ ያጥራታል፤ ዳገት ስትወጣ ቆም ትላለች፤ ይህ የእርግዝናው ጠባይ ነው። ቁጭ ባለችበት የሚያጥራት፣ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የሚያቋርጣት፣ ወይም ከትኩሳትና ከሳል ጋር የሚመጣ የትንፋሽ ማጠር ግን እርግዝና ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ያስኬዳል።

ከባሕር ማዶ ያሉ ደሴቶች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ ወደ ዛንዚባርና ወደ ሲሼልስ ይበራል። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ በቦሌ በኩል በአንድ ቀን ባሕር ዳርቻ መድረስ የሚቻል ነገር ሆኗል። በረራው ራሱ ጤናማ እርግዝና ላላት እናት በዚህ ጊዜ አስጊ አይደለም። የደም መርጋትን ለመከላከል በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ተነሥቶ መራመድ፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ውኃ በብዛት መጠጣት፣ የደኅንነት ቀበቶውን ከሆድ በታች በጭኑ ላይ ማሰር ይበቃል። ደጋ ለለመደ ሰው የባሕር ዳርቻ ሙቀት ይከብዳልና ጥላና ውኃ እዚያም አስፈላጊ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች የምትመደብ በመሆኗ ከዚህ የሚነሣ መንገደኛ ወደ ሁለቱም ደሴቶች ለመግባት የክትባት ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ክትባቱ የሚሠራው ከተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለነፍሰ ጡር ሴት በተለመደው ሁኔታ አይሰጥም። ቀደም ሲል የተከተበች ካርዷን ትይዛለች። ያልተከተበች ግን ክትባቱ የማይሰጥበትን ምክንያት የሚገልጽ ደብዳቤ ከሐኪም ማግኘት ትችላለች፤ ደብዳቤውን መቀበል አለመቀበል የተቀባዩ አገር ሥልጣን ነው። ይህን ቲኬት ከቆረጡ በኋላ መስማት ገንዘብ ያሳጣል። በተጨማሪ ዛንዚባር ወባ አለበት፤ ሲሼልስ የለበትም።

ሁለተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ባልና ሚስቱ በ26ኛው ሳምንት ሄዱ፤ አንድ ሳምንት ዐረፉ፤ በወረርሽኙ ጊዜ ለመመለስ ይጠየቅ የነበረውን የፒሲአር ምርመራ ሲያደርጉ ከሁለቱ አንዱ ቫይረሱ ተገኘበት እንበል። ሕመም ባይሰማቸውም እንኳ በዚያን ጊዜ ደንብ 14 ቀን ያህል ተለይተው መቆየት ግድ ነበር። ሲወጡ እርግዝናው 29ኛው ሳምንት ሆኗል። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ማረጋገጫ ይጠይቃሉ፤ 36ኛው ሳምንት ሲያልፍ ደግሞ አያሳፍሩም፤ አንዳንዶቹ ከዚያም ቀደም ብለው ይከለክላሉ። የተቆጠበው ገንዘብ በሆቴል ክፍያ ያልቃል፤ የክትትል ቀኗ ያልፋል፤ ምጥ ቢመጣ የምትወልደው ታሪኳን በማያውቅ ሆስፒታል፣ በማታውቀው ቋንቋ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ሳምንታት የሚወስድ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ክትትል ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በሁሉም ላይ ይደርሳል አይባልም። ሆኖም በወረርሽኙ ጊዜ ነፍሰ ጡር እናት ለዕረፍት ብላ ድንበር እንዳትሻገር ይመከር የነበረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው።

ቅርብ ያለው ውኃ

የገራዶ ሰው ውኃ ዳር ለማረፍ ባሕር መሻገር አይኖርበትም። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተሁለደሬ ወረዳ የሐይቅ ከተማና ስሙን የሰጣት ውኃ ይገኛሉ። አየሩ ከደሴ ሞቅ ይላል፤ ዳርቻው ክፍት ነው። ደሴት ለናፈቀም ታሪኩ አለ፦ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ የመሠረቱት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ቀድሞ በውኃ የተከበበ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡበትም። ባል ልሳለም ብሎ ቢገባ እንኳ ሚስትን ለብቻዋ ለረጅም ሰዓት ባይተዋት ይመረጣል።

በሦስቱ መመዘኛዎች ሲታይ ሐይቅ ከባሕር ማዶው ይሻላል። ከተማዋ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ ከፍ ያለ ሕክምና ካስፈለገ የደሴው ሆስፒታል በአንድ ሰዓት ገደማ ይደረሳል። ከሁለቱ አንዱ ቢታመም ወደ ቤት ለመመለስ የሚያግድ ድንበር የለም። ዋናው ጥንቃቄ መንገዱ ላይ ነው። በታጨቀና መስኮቱ በተዘጋ ሚኒባስ አንድ ሰዓት መቀመጥ ሐይቁ ዳር አንድ ሙሉ ቀን ከመዋል የበለጠ ለቫይረሱ ያጋልጣል፤ በሽታው በተዘጋ ቦታ በቀላሉ ይተላለፋልና። አቅም ከፈቀደ ባልና ሚስት ለብቻቸው መኪና ቢኮናተሩ፣ ካልሆነም ሰው በማይበዛበት ሰዓት ተሳፍረው በመስኮት በኩል ቢቀመጡና መስኮቱን ቢከፍቱ መልካም ነው። «ብርድ ይመታታል» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም፤ ለዚያ ጋቢ አለ። ጭምብሉ አፍንጫንም አፍንም ሸፍኖ ከመሳፈሪያ እስከ መውረጃ አይወልቅም። ከኮምቦልቻ የሚነሡ ቤተሰቦች የሐረጎን ጠመዝማዛ ስለሚወጡ ሆድ ሳይሞላ፣ ባዶም ሳይሆን ቢጓዙ ያቅለሸልሻል የሚሉት ነገር ይቀልላል።

ማረፊያ ሲመረጥ ከክፍሉ ውበት በፊት መስኮቱ ይታይ። አየር የሚገባበት ክፍል፣ ከቤት ውጭ የሚቀርብ ምግብ፣ ውኃና ሳሙና ያለበት መታጠቢያ ያስፈልጋል። ሠርግ ወይም ስብሰባ ባለበት ቀን ያንኑ ሆቴል አለመያዝ ይሻላል፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ብዙ ያተርፋል። በሌሎች እንግዶችና በእነሱ መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ይጠበቅ፤ እጅ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ይታጠብ።

ከኮቪድ-19 ውጭ ያሉትም አደጋዎች ፈቃድ አይወስዱም። ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ይህ በአገራችን የወባ ሥርጭት የሚጀምርበት ወሰን ነው፤ ኮምቦልቻም ከዚያ ዝቅ ትላለች። ወባ በእርግዝና ጊዜ እናትን ለከባድ የደም ማነስ፣ ጽንሱን ለክብደት ማነስ ይዳርጋል። በአጎበር ሥር መተኛት፣ ከመሸ በኋላ እጅና እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስ ይገባል። ትኩሳት ከመጣም ኮቪድ ነው ወይስ ወባ ብሎ በግምት መድኃኒት መዋጥ ጎጂ ነው፤ ሁለቱም በምርመራ ይለያሉ። በብዙ የአገራችን ሐይቆች ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስለሚገኝ እግርን ውኃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ አይመከርም። ሐይቁ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል፤ በጀልባ የሚወጣ ሰው የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበስ።

የሐይቅ ዓሣ ለነፍሰ ጡር ጥሩ ምግብ ነው፤ በደንብ ከበሰለ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎና ያልፈላ ወተት በዕረፍት ቀንም አይፈቀዱም፤ ጽንሱን የሚጎዱ ተሕዋስያን ይኖሩባቸዋልና። ቡናው ቀነስ ይደረግ። ጫት ደግሞ ጨርሶ ይቅር፤ ባልም ከጎኗ ባይቅም ደግ ነው።

ባሕር ዳርን የሚመርጡ አሉ። ጣና ዙሪያው ያማረ ቢሆንም ከደሴ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው፤ አካባቢው ወባማ ነው፤ ከደሴቶቹ ገዳማት በርካቶቹ ሴት አያስገቡም። በ26ኛው ሳምንት ለአንድ ሳምንት ዕረፍት ሲባል ይህን ያህል መንገድ መቀመጥ ብዙም አያዋጣም።

ወደ እናት ቤት የሚደረግ ጉዞ

በወሎም ሆነ በሌላው የአማራ አካባቢ ብዙ ነፍሰ ጡር ሴቶች የሚያደርጉት ጉዞ የሽርሽር አይደለም። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት መውለጃዋ ሲቃረብ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያ ታርፋለች፤ እዚያ ትታረሳለች። ልማዱ ከጥንት የመጣና እናትን የሚደግፍ ስለሆነ ይቅር አይባልም። በወረርሽኙ ጊዜ ግን የሚጠበቁት ሁለት ሆነዋል፤ ነፍሰ ጡሯና ዕድሜዋ የገፋው እናቷ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባት አያት በቫይረሱ ብትያዝ ከልጇ ይልቅ ልትጎዳ ትችላለች።

ስለዚህ ጉዞው ከ9ኛው ወር በፊት ቢደረግ፣ ከጉዞው በፊት ባሉት 14 ቀናት ባልና ሚስቱ ከለቅሶ ቤት፣ ከሠርግና ከገበያ ግርግር ቢርቁ፣ የክትትል ካርዱም አብሮ ቢሄድ ይገባል። የእናቷ ቤት ከጤና ተቋም የራቀ ከሆነ በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ እንዳለው አስቀድሞ ይጠየቅ። አራስ ጠያቂውን ማስቀረት ለቤተሰብ ከባድ መሆኑ ይታወቃል። ገንፎውን ደጅ ላይ በየተራ ማቅረብ፣ ጠያቂው ጭምብል አድርጎ ከደጃፍ መርቆ እንዲመለስ ማድረግ፣ ሕፃኑን አለማሳቀፍና አለማሳም ግን ያስኬዳል። ይህን ለጎረቤት የሚናገረው ባል ወይም አባት ቢሆን አራሷ ከሐፍረት ትድናለች።

መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም መሰጠት የጀመረው የኮቪድ-19 ክትባት ለአያቶች ጉዞው ሳይደረግ ቢሰጥ ይመረጣል። ነፍሰ ጡሯ ራሷ ስለ መከተቧ በክትትል ቀኗ ከባለሙያ ጋር ትነጋገር።

ጉዞን የሚያስቀሩና የሚያቋርጡ ምልክቶች

መንታ ያረገዘች፣ ቀደም ሲል ያለ ጊዜው የወለደች፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባት፣ የእንግዴ ልጅ ወደ ታች ወርዷል የተባለች እናት ከሐኪሟ ፈቃድ ሳታገኝ ከከተማዋ አትውጣ። ከሁለቱ አንዱ ትኩሳት ወይም ሳል ካለው፣ የማሽተት ስሜቱን ካጣ፣ ወይም ቫይረሱ ከተገኘበት ሰው ጋር ከተገናኘ ጉዞው ይተላለፍ።

በመንገድ ወይም በማረፊያ ላይ ከማሕፀን ደም ከታየ፣ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ራስን አጥብቆ ካመመና ዐይን ከጋረደ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ አንድ እግር ተለይቶ ካበጠና ካመመ፣ ሆድ እየተኮማተረ ከመጣ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው ከቀነሰ እስኪነጋ አይጠበቅም። እነዚህን ባል በቃሉ ቢይዛቸው ይበጃል፤ ሕመም ላይ ያለ ሰው ወረቀት አያነብምና።

ከጉዞ መልስ ለ14 ቀናት ሁለቱም ትኩሳትን፣ ሳልንና የትንፋሽ ማጠርን ይከታተሉ፤ ምልክት ከታየ ወደ ጤና ተቋም ከመሄድ በፊት በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደውሉ። እናቲቱ ክፉኛ ከተዳከመች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ስልኩን ሳይጠብቁ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዷት። የሚቀጥለው የክትትል ቀን በዚሁ ሁለት ሳምንት ውስጥ ቢውልና ምልክት ባይኖርባት ቀኑን አታሳልፍ፤ ጭምብሏን አድርጋ ትሂድ፤ ከየት እንደመጣችም በመግቢያው ላይ ለባለሙያው ትናገር።