ካቴናው በእርግጥ ይለጠጣልን?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ያስፈለፈሉትን ዋሻ እንዳለፈ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ይህን ቁልቁለት በፎሌ መውረድ አደገኛ ስለሆነ አሽከርካሪው ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩን እንደ ፍሬን ይጠቀምበታል። በዚያች ሰዓት የታይሚንግ ካቴናው ቢበጠስ ቫልቮቹ ባሉበት ይቆማሉ፤ በብዙ ሞተሮችም ፒስተኑ የተከፈተውን ቫልቭ መትቶ ያጣምመዋል።

ለምሳሌ ያህል ብዙዎቻችን በታክሲነት የምናውቃትን ላዳ 2101ን እንውሰድ። ባለ አራት ምት ሞተር አንድ ዑደት ሲፈጽም ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ፣ ካም ሻፍቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህም የታችኛው መዘውር 19፣ የላይኛው 38 ጥርስ አለው። ሁለቱን የሚያገናኘው ካቴና 114 ቀለበቶች ያሉት ሲሆን የእያንዳንዱ ርዝመት 9.525 ሚሊ ሜትር ነው።

በየጋራዡ «ካቴናው ተለጠጠ» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ያግባባል እንጂ ፊዚክሱን አይገልጽም። ብረቱ እንደ ላስቲክ አልተሳበም፤ የተበላው ቀለበቶቹን የሚያያይዘው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቀዳዳ ነው። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ 0.05 ሚሊ ሜትር ተበላ እንበል። ይህ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ ነው፤ በ114 ሲባዛ ግን 5.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። መወጠሪያው ይህን ትርፍ ርዝመት ይሰበስባል፤ ሲያቅተው ካቴናው መንኳኳት ይጀምራል።

መወጠሪያው የማያርመው ግን ሌላ ነገር አለ። በሚጎተተው ወገን 40 ያህል ቀለበቶች ቢኖሩ፣ ያ ወገን በ2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የላይኛው መዘውር ዙሪያ 38 × 9.525 = 362 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ከ1 ዲግሪ ጋር ይቀራረባል (ለተማሪ የተመቸ አጋጣሚ ነው!)። ካም ሻፍቱ 2 ዲግሪ፣ በክራንክ ሻፍት ሲለካ 4 ዲግሪ ይዘገያል ማለት ነው። ካቴናው አንድ ጥርስ ከዘለለ ደግሞ ስሕተቱ 19 ዲግሪ ይደርሳል።

ቅያሪው በቤት ግቢ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ደብረ ሲና ባለ ተዳፋት ከተማ በቅድሚያ ሜዳ ቦታ መፈለግና ጎማዎቹን በድንጋይ መደገፍ ግድ ነው። የባትሪው ኔጌቲቭ ይነቀላል፤ ራዲያተሩ፣ ቺንጋው፣ የቫልቭ ክዳኑ ይወርዳሉ። ክራንክ ሻፍቱን በ38 ቁጥር ቺያቤ አዙረን የታችኛውንም የላይኛውንም ምልክት ከትይዩው እናገጥማለን፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የፊት ክዳኑ ይከፈታል። ካቴናው በወለቀበት ጊዜ ማናቸውንም ዘንግ ማዞር አይገባም፤ የዘይት ፓምፑና የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግም በዚሁ ካቴና ስለሚነዳ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ የካንዴላው እሳት ጊዜውን ይስታል። ገንዘብ ለመቆጠብ አሮጌ መዘውር ላይ አዲስ ካቴና መግጠም የተለመደ ቢሆንም አንመክረውም፤ የተበላ ጥርስ አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል።

አዲሱ ሲገጠም የሚጎተተው ወገን ውጥር ብሎ መቀመጥ አለበት። የመወጠሪያው ዳዶ ላላ ተደርጎ ሞላው ይለቀቃል፤ ክራንክ ሻፍቱ በእጅ፣ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፤ ከዚያ ዳዶው ይጠብቃል። ሁለት የሆነው ካም ሻፍቱ አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ምልክቱ እንዲመለስ ነው። በመዞር ላይ ሳለ ጠንካራ ነገር ከነካ በጉልበት መግፋት ክልክል ነው፤ ፒስተን ቫልቭ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ በአንድ ጥርስ እንኳ ከተሳሳቱ ሞተሩ ሳይነሣ ካቴናው እንደገና ይወርዳል።