አጥፍተሽ እንዳታበሪው

ቆይ፣ እጅሽን አንሺ! የሽማግሌው ማመልከቻ እኮ ሴቭ አልተደረገም፤ ካጠፋሽው ሄደ። ቡና ልትቀጂ ብድግ ስትዪ ስክሪኑ ራሱን ቆለፈ እንጂ ሌላ የሆነ ነገር የለም። ፓስወርድሽንም አልረሳሽውም። የተቆለፈው አማርኛ ስትጽፊ ነው፤ አሁንም የምትነኪው ሁሉ በፊደላችን እየገባ ነው። ነጥብ ብቻ ስለሚያሳይ አታዪውም። የካፕስ ሎክን መብራት ግን አስቀድመሽ እያት፤ እኔን አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያስለፋችኝ እሷ ናት።

መቀየሪያውን ደጋግመሽ አትቀጥቅጪው። ኮምፒውተሩን የጫነልሽ ልጅ የሠራው አቋራጭ ቁልፍ ነው፤ ስትነኪው ዴስክቶፑ ይሰማና ትእዛዝ ያስኬዳል። ሲቆለፍ ግን ቆላፊው ፕሮግራም ኪቦርዱን ለብቻው ይይዘዋል፤ ዴስክቶፑ መነካቱን እንኳ አይሰማም።

ኮንትሮልና አልትን ይዘሽ ኤፍ 3ን ተጫኚ። ጠቆረ አይደል? አትደንግጪ፣ ማመልከቻው ከጀርባ አለ። እዚህ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ስምሽን፣ ከዚያ ፓስወርድሽን አስገቢ፤ እዚህ ነጥብም አያሳይም፣ ዝም ብለሽ ጨርሺው። ቀጥሎ በላቲን ፊደል፦ ዲስፕሌይ በትልልቁ፣ የእኩል ምልክት፣ ሁለት ነጥብ፣ ዜሮ፤ ክፍተት ተዪና ሴትኤክስኬቢማፕ፣ ክፍተት፣ ዩኤስ፤ እነዚህን በትንንሹ። ኢንተር። አሁን በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ 7 ተመለሺ፤ እምቢ ካለ ኤፍ 1ን ወይም ኤፍ 2ን ሞክሪ። ፓስወርድሽን እንደገና... ይኸው!

ግን ነገም እንዳትጠሪኝ። ከሞያሌ ባለሙያ ይምጣ ብትዪ ሜጋ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ለዚች ብለሽ ሰው አታንከራትቺ። የታችኛው ኪቦርድ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ይሁን፤ አማርኛውን ኢባስ የሚባለው ፕሮግራም ከላይ ይቀይርልሽ። በላቲን ትነኪያለሽ፣ ሰላም ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለው ቆላፊ በኢባስ በኩል ስለማያልፍ ፓስወርድሽ ሁሌ በእንግሊዝኛ ይገባል። ሁለቱን ኪቦርድ ካልተውኩ ካልሽ ደግሞ መቀየሪያው በኪቦርዱ በራሱ ደንብ ውስጥ ይግባ፤ ኡቡንቱ ላይ ኢቲሲ ውስጥ፣ ዲፎልት በሚለው ፎልደር፣ ኪቦርድ የሚባል ፋይል አለ። እዚያ የተጻፈ አልት ሺፍት ስክሪኑ ተቆልፎም ይሠራል።

ለእኛ አገር እንግሊዝኛው መሠረት መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የመሥሪያ ቤቱ የኦሮምኛ ወረቀት በላቲኑ ፊደል በቁቤ ነው፣ ቁቤም በዚያው ኪቦርድ ይጻፋል። ብቻ ስትመርጪ ኢንተርናሽናል የሚለውን እንዳትነኪ። ሁድሃውን፣ አፖስትሮፉን ማለቴ ነው፣ ስትመቺ ዝም ይልሻል፤ ቀጥለሽ ኢን ስትመቺ ሁለቱን አጣብቆ ከላይዋ ጭረት ያላት የፈረንሳይ ፊደል ያወጣልሻል። ባለፈው ያንን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ያሳተመሽ ይኸው ነው፤ ፕሪንተሩን ሰደብሽ እንጂ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ተራውን ዩኤስ ውሰጂ፣ ሁድሃው ወዲያው ይወጣል።

በይ አሁን ሴቭ አድርጊና ሽማግሌውን ጥሪያቸው፤ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።