ሥር የሚጠጣውን አይለይም

አብነት ሰፈር ቆስጣ የገዛች እናት ቅጠሉን ሦስት ጊዜ ታጥባለች። አፈሩ ይለቃል፤ አቧራውም ይሄዳል። ደግ አደረገች። ነገር ግን ከቅጠሉ ውስጥ የገባ ነገር ካለ በውሃ አይለቅም። እንዴት ገባ? የዛሬው ትምህርታችን ይህ ነው።

ሥር እህል አይቆረጥምም፤ ውሃ ይጠጣል። በውሃው የሟሟውን ማዕድንም አብሮ ይስባል። ሥር ዓይን የለውም። የሚፈልገውን የሚመስል ነገር ቢመጣ ያስገባዋል።

ምሳሌ እንስጥ። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ቼርኖቤል ላይ፣ የአቶም ኃይል ማመንጫ ፈነዳ። ሴዚየም የሚባል ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር በነፋስ ሄዶ በዝናብ ወረደ። ሴዚየም ፖታሲየምን ይመስላል። ፖታሲየም የተክል ምግብ ነው፤ በአመድ ውስጥ የምታገኙት ነው። ሥርም ተሳስቶ ሴዚየሙን ወሰደ። ከሥር ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ በግ ገባ። በብሪታንያ ተራሮች በበግ ሽያጭ ላይ የተጣለው ቁጥጥር ጨርሶ የተነሣው በ2004 ዓ.ም. ነው። 26 ዓመት! ምክንያቱ አፈሩ ነው። ሸክላማ አፈር ሴዚየምን አጥብቆ ይይዛል። የዚያ ተራራ አፈር ግን ሸክላው ያነሰ፣ ብስባሹ የበዛ ስለሆነ ለሥሩ ለቀቀለት።

«እኛ ዘንድ ቼርኖቤል የለም» የሚል ገበሬ ይኖራል። እውነቱን ነው። ትንሹ አቃቂ ግን አለ። የአዲስ አበባ ቆሻሻና የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ሲገባበት የኖረ ወንዝ ነው። በዳሩ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በዚሁ ውሃ ሲለማ ኖሯል፤ ከዚያ ወደ ከተማው ገበያ ይወጣል። ተመራማሪዎች ቅጠሉን መርምረው እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም አግኝተውበታል። እነዚህ ጨረር አፍላቂ አይደሉም፤ የሚገቡት ግን በዚያው በሥር መንገድ ነው። ካድሚየም ዚንክን ይመስላልና ሥር ይታለላል፤ እስከ ቅጠልም ይወጣል። እርሳስ አብዛኛው አፈርና ሥር ላይ ይቀራል፤ በአቧራ ሲለጠፍ መታጠብ ይጠቅማል። ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል፤ ካድሚየምን ግን አያጠፋም። ካድሚየም የበላው ሰው ኩላሊት ውስጥ ለብዙ ዓመት ይከማቻል። የሚበላው ደግሞ ገዢው ብቻ አይደለም፤ የአምራቹም ልጆች ናቸው።

ገበሬው ወንዙን ብቻውን ሊያጠራ አይችልም። ይህ ቆሻሻውን የለቀቁት ዕዳ ነው። መሬቱ ከተበከለ ግን ከሰላጣና ከቆስጣ ይልቅ በቆሎ ወይም ቲማቲም ይሻላል፤ ፍሬ ከቅጠል ያነሰ ይይዛልና። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ጨምሩበት። ኮምጣጣ አፈር ካድሚየሙን ለሥር ይለቅለታል፣ ኖራ ያስረዋል። በደንብ የበሰበሰ ፍግም ይረዳል። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ግን ከፍጉ ጋር አይጣል፤ ብዙ ቤት የሚደረግ ጥፋት ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ አትክልታችሁን የምታጠጡት ውሃ ከየት ይመጣል? እናንተ ዘንድ ሳይደርስ ምን ይገባበታል? ዳሩን ይዛችሁ ሽቅብ ውጡና አይታችሁ መልሱ።