«ኤስቲሜት» እና ግምት

ዛሬ የምንመለከተው የእንግሊዝኛ ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን የምንለው ነው። ይሁን እንጂ አብነት አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት የማስተማር ልምምድ ስናደርግ ይኸው ቃል አሳፍሮናል። ጥያቄው 48 በ21 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን «ኤስቲሜት» አድርጉ ይላል። ተማሪዎቹ አባዝተው 1008 ሲሉ አንዲት ልጅ ብቻ 1000 ብላ ጻፈች። እኛም ሳናመነታ ኤክስ አደረግንባት። ለካስ ልጅቷ 48ን ወደ 50፣ 21ን ወደ 20 አስጠግታ ኖሯል። የታዘዘውን የሠራችው እሷ ብቻ ነበረች! በማግሥቱ ነጥቧን መለስንላት።

ስሕተታችን የሒሳብ ሳይሆን የቋንቋ ነው። እኛ «ግምት» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራውን እንግሊዝኛው ለሁለት ይከፍለዋል። ከአብነት መርካቶ በእግር ስንት ደቂቃ ይፈጃል ቢባል፣ መንገዱን ረግጦት የማያውቅ ሰው አፉ እንዳመጣለት «ሃያ» ቢል ይህ «ጌስ» ነው። ሌላው ርቀቱንና አረማመዱን አስቦ ያንኑ «ሃያ» ቢል ግን «ኤስቲሜት» ነው። ቁጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከበስተኋላው ባለው ስሌት ላይ ነው።

አነባበቡም ያሳስታል፤ ግሥ ሲሆን መጨረሻው «ሜይት»፣ ስም ሲሆን «ሚት» ይባላል።

ስለ ሀገራችን ሕዝብ ስንጽፍም እንጠንቀቅ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 73,750,932 ሰው ስለተገኘ እዚህ ላይ «ካውንት» የሚለውን ግሥ መጠቀም እንችላለን። ቀጥሎ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የታሰበው ቆጠራ ግን ስለተራዘመ፣ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነናል የምንለው «ኤስቲሜት» ነው። ከ«ኢዝ ኤስቲሜትድ» ቀጥሎ ቁጥር ሲመጣ በመካከል «አት» ይገባል። «ቱ» ካልን ደግሞ እንደ «ቢ» ያለ ግሥ ማስከተል ግዴታ ነው። «አባውት» ጨምሮ ማብዛት አያስፈልግም፤ እኛማ በአማርኛችን «በግምት ወደ 30 ያህል ሰዎች ገደማ» እያልን አራት ጊዜ እንገምት የለ!

ሌላው፣ «ትልቅ ግምት ሰጠው» የሚለው ሲተረጐም «ኤስቲሜት» አይሆንም። ለአክብሮት «ኤስቲም» የሚባል ቃል አለ። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ሥር የበቀሉ ናቸው።

መልመጃ፦ 39 በ52 ሲባዛ ስንት ይሆናል? «ኤስቲሜት» አድርጉ፤ እርሳስ ያነሣ ተሸንፏል።