የማን አነጋገር ያስቃል?

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ቋንቋ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የሚያሳፍረኝ ነገር ስለሆነ፣ ከእርሱ እጀምራለሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን አንድ ልጅ ከገጠር መጥቶ ወደ ክፍላችን ገባ። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። በዐማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነሥቶ ሲያነብ «ፖሊስ» የሚለውን ቃል «ቦሊስ» አለው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከሁሉ ይልቅ ጮኾ የሳቀውም የዚህ ጽሑፍ ጸሓፊ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ ሲጠየቅ «አላውቅም» እያለ ይቀመጥ ጀመር፤ በሒሳብ ግን ማናችንም አንደርስበትም ነበር። በዚያው ወር አንድ ፈረንጅ እንግዳ ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኝ መጣ። መድረክ ላይ ወጥቶ «ቴና ይስጥልኝ» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «ጠ» አልሆነለትም፤ ነገር ግን ስለ ሞከረ ብቻ አመሰገንነው። እኔም አጨበጨብሁ። ያን ጊዜ ሁለቱን ነገሮች አላገናኘኋቸውም።

ያገናኘኋቸው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን እንግሊዝኛ ሳነብ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የእነዚህ ሰዎች ቅድመ አያቶች ከአፍሪካ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በባርነት የተወሰዱ ስለሆኑ፣ እንግሊዝኛን የለመዱት በእርሻ ሥራ ላይ ነው እንጂ በትምህርት ቤት አይደለም፤ እንዲያውም በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ማንበብ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ከባርነት በኋላም በሰፈርና በትምህርት ቤት ተለይተው ኖሩ። አነጋገራቸውን ብዙ ሰው «የተበላሸ እንግሊዝኛ» ይለዋል። ዳሩ ግን ፕሮፌሰር ዊሊያም ላቦቭ በ1960ዎቹ በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር የወጣቶችን ንግግር መርምረው አነጋገሩ የራሱ ደንብ ያለው መሆኑን አሳዩ። ለምሳሌ «ሂ ቢ ወርኪንግ» ቢሉ ሰውየው ዘወትር ይሠራል ማለት ነው፤ «ሂ ወርኪንግ» ቢሉ ግን አሁን እየሠራ ነው ማለት ነው። እኛም «ይሠራል» እና «እየሠራ ነው» ብለን እንለያለን።

ሌላው የሚነቀፉበት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት አፍራሽ ማግባታቸው ነው። ሁለት አፍራሽ እርስ በርሱ ይፋረሳል፣ አእምሮ ያለው ሰው እንዲህ አይናገርም ይባላል። እንግዲያውስ እኛ «አልመጣም» ስንል «አል»ን ከፊት፣ «ም»ን ከኋላ የምናገባው አእምሮ አጥተን ነውን? ፈረንሳዮችም ግሡን በሁለት አፍራሽ መካከል ያስገቡታል፤ ፈረንሳይኛን ግን የሰነፎች ቋንቋ ያለው ሰው አልሰማሁም። ደግሞም «አስክ» (ጠየቀ) የሚለውን ቃል «አክስ» ብለው ሲያነቡት ይሳቅባቸዋል። ይህ አነባበብ ግን በ14ኛው መቶ ዓመት በነበረው በባለቅኔው በቾሰር ጽሑፍ፣ በ1535 በታተመው በከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስም ይገኛል። ቃሉ ያው ነው፤ የተለወጠው ተናጋሪው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው በሚሺጋን ግዛት፣ አን አርበር በምትባል ከተማ የተደረገው ክርክር ነው። በ1977 የድኾች ጥቁሮች ልጆች እናቶች የከተማይቱን የትምህርት አስተዳደር ከሰሱ። ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የተሰየመ ነበር። ማንበብ ስላቃታቸው ከፊሎቹ የመማር ጉድለት አለባቸው ተብለው ተመድበዋል። ከሊቃውንት ወገን ፕሮፌሰር ጄኔቫ ስሚዘርማን፣ ላቦቭና ሌሎችም ቀርበው መሰከሩ። ዳኛው ቻርልስ ጆይነር በሐምሌ 1979 ሲፈርዱ፣ እንቅፋቱ የልጆቹ ቋንቋ ሳይሆን አስተማሪዎቹ ያንን ቋንቋ ሳያውቁት ዝቅ አድርገው ማየታቸው ነው አሉ። ልጆቹ በቤታቸው አነጋገር ብቻ ይማሩ አላሉም፤ አስተማሪዎቹ አነጋገሩን ዐውቀው መደበኛውን እንግሊዝኛ ማንበብ ያስተምሩ ዘንድ አስተዳደሩ በ30 ቀን ውስጥ ዕቅድ እንዲያቀርብ አዘዙ።

ወላጆች እዚህ ላይ የሚያነሡት ጥያቄ እንዳለ ዐውቃለሁ፤ «ልጄ መደበኛውን ካልቻለ ማን ሥራ ይሰጠዋል?» የሚል ነው። በ1996 የኦክላንድ ከተማ የትምህርት ቦርድ ተመሳሳይ ውሳኔ ሲያሳልፍ ጥቁሮቹ ራሳቸው ተቃውመው ነበር፤ ቄስ ጄሲ ጃክሰን በመጀመሪያ ነቅፈው፣ ከቦርዱ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም። ፕሮፌሰር ጆን ባው የተባሉ ጥቁር አሜሪካዊ ሊቅ በካሊፎርኒያ የሚከራይ ቤት ላላቸው ሰዎች ስልክ እየደወሉ ያንኑ ቃል በሦስት ዐይነት አነጋገር፣ ይኸውም እንደ ነጭ፣ እንደ ጥቁርና እንደ ሜክሲኮ ተወላጅ እየሆኑ ተናገሩ። እንደ ነጭ ሲናገሩ «መጥተህ እይ» ይባሉ ነበር፤ በሌላው ሲናገሩ ግን ነጮች በሚበዙበት ሰፈር ቀጠሮው አነሰ። በ1999 በታተመው በዚህ ጥናት ውስጥ «ሄሎ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ የሰሙ ሰዎች እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የተናጋሪውን ዘር ለይተዋል። ፊቱ ሳይታይ በሩ የሚዘጋው እንዲህ ነው።

አሁን ወደ «ቦሊስ» ልመለስ። በአፋን ኦሮሞ «ፐ» ከውጭ በመጡ ቃላት ካልሆነ በቀር አይገኝም። የዐማርኛስ? በግዕዝ «ጰ»ና «ፐ» በብዛት የሚገኙት ከግሪክ በመጡ ቃላት ውስጥ ነው፤ «ጠረጴዛ» ግሪክኛ ነው፤ «ጳጳስ»ም እንዲሁ፤ «ኢትዮጵያ» በሚለው ስም ውስጥ ያለው «ጵ» እንኳ በዚያው መንገድ የገባ ነው። አያቴ የተወለዱት መንዝ ነው፤ ከዐማርኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ እርሳቸውም «ቦሊስ» ይላሉ። በአያቴ ግን ስቄ አላውቅም።

ባለፈው ዓመት ይህን ሁሉ ለዚያ ልጅ ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት። «ምን አስታወሰህ? እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ፤ እንዳልረሳው ግን ከፊቱ ዐወቅሁ። ቀጥሎ በአፋን ኦሮሞ ቅቤን «ዸዻ» በል አለኝ። ምላሴን ወደ ላይ አጥፌ ብዙ ጊዜ ሞከርሁ፤ የሚወጣው «ደዳ» ነው። ዘንድሮ አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን፤ እርሱ ሒሳብ ያስረዳኛል፤ «ዸዻ» ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።